የቤት ሥራው ነገ ክፍል ውስጥ ምን ይሠራል? የአንድ ሳምንት የእንግሊዝኛ እቅድ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ የአንዲት የ10ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ መምህርት ሳምንታዊ እቅድ ነው። ሁለት ሴክሽን ታስተምራለች፤ 10ሀ እና 10ለ። በእያንዳንዱ 50 ተማሪ አለ። ለአንድ ሴክሽን በሳምንት አምስት ፔሬድ ይደርሳታል፤ አንዱ ፔሬድ 40 ደቂቃ ነው። እንግሊዝኛ ለተማሪዎቹ ሁለተኛ ቋንቋ ነው፤ ከክፍል ከወጡ በኋላ ብዙም አይናገሩትም። እኔ የዚያው ዲፓርትመንት ባልደረባዋ ነኝ። እቅዱን አብረን አወጣን፤ ሳምንቱንም ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ተከታተልኩት። ጉዳዩን እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች።

የቀድሞ እቅዷ ንጹህና የተሟላ ነበር። ለየቀኑ የገጽ ቁጥር አለ፤ ለየቀኑ መልመጃ አለ፤ ለየቀኑ የቤት ሥራ አለ። ሰኞ ምንባብ፣ ማክሰኞ የምንባቡ ጥያቄዎችና አዳዲስ ቃላት፣ ረቡዕና ሐሙስ ግራመር፣ ዓርብ ጽሕፈት። መጽሐፉ በሚሄድበት ትሄዳለች። ችግሩ የሚታየው ዓርብ ነው። የግራመሩ መልመጃ ታርሞ ስለማያልቅ ዓርብን ይበላል። ለጽሕፈቱ የመጨረሻዋ አሥር ደቂቃ ትቀራለች። ከዚያ «አንቀጹን ቤት ጽፋችሁ ሰኞ አምጡ» ይባላል።

ሰኞ ሲደርስ ጽፎ የሚመጣው ከክፍሉ ግማሽ አይሞላም። ካመጡትም ውስጥ አንዳንዱ ስህተቱ ሳይቀር የተገለበጠ ነው። የየቀኑ የመልመጃ የቤት ሥራም ከዚህ አይሻልም። ጠዋት ከደወል በፊት የአንድ ጎበዝ ተማሪ ደብተር ከወንበር ወንበር ይዞራል።

«ሰነፎች ሆነው አይመስለኝም» አለችኝ። «ሲጽፉ ግን አይቻቸው አላውቅም። የት ላይ እንደሚቸገሩ በምን ልወቅ?»

እኔ ይህን አባባሏን ከሁሉም አስበልጬ ያዝኩት። ባዶ ቦታ መሙላት ለአንድ ተማሪ ቀላል ሥራ ነው፤ እሱን ክፍል ውስጥ፣ መምህርቷ አጠገቡ ቆማ ይሠራዋል። አንቀጽ መጻፍ ከባድ ነው፤ እሱን ግን ቤቱ ብቻውን ሆኖ ይታገለዋል። እንዲህ ያለው እቅድ በብዙ ክፍሎች አለ፤ ተማሪን የሚጎዳውም ማንም ሳያስበው ነው።

መጀመሪያ ደቂቃውን ቆጠርን

አምስት ፔሬድ በወረቀት ላይ 200 ደቂቃ ነው። ክፍል መግባት፣ ስም መጥራት፣ ሰሌዳ ማጽዳትና ክፍሉን ማረጋጋት ከየፔሬዱ አምስት ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። የሚቀረው 175 ነው። ብዙ እቅድ የሚፈርሰው 200ው በሙሉ እጅ ላይ ያለ ይመስል ስለሚወጣ ነው።

ከዚያ ያለፈውን ሳምንት እቅድ አወጣንና በአራት ዓምድ ከፋፈልነው። አከፋፈሉ የኒውዚላንዱ የቋንቋ ትምህርት ምሁር የፖል ኔሽን ነው። እሳቸው እንደሚሉት ጥሩ የቋንቋ ኮርስ አራት ዓይነት ሥራ በተቀራራቢ ጊዜ ሊኖረው ይገባል። አንደኛው ሐሳቡን ለመረዳት ማንበብና ማዳመጥ ነው። ሁለተኛው ሐሳብን ለሌላ ለማድረስ መናገርና መጻፍ ነው። ሦስተኛው ቋንቋውን ራሱን ማጥናት ነው፤ ግራመሩን፣ ቃላቱን፣ አነባበቡን። አራተኛው ቀድሞ የሚያውቁትን ደጋግሞ በመጠቀም ፍጥነት ማግኘት ነው።

የመምህርቷ ሳምንት ከሞላ ጎደል ሦስተኛው ዓምድ ውስጥ ገባ። ሁለተኛው ውስጥ የዓርቧ አሥር ደቂቃ ብቻ ተቀመጠች። አራተኛው ባዶውን ቀረ። እርግጥ እያንዳንዱ ሳምንት በአራት እኩል መከፈል የለበትም፤ አንዱ ሳምንት ወደ ንባብ፣ ሌላው ወደ ጽሕፈት ቢያዘነብል ምንም አይደለም። ሳምንቱ ሁሉ ወደ አንድ ዓምድ ሲያዘነብል ነው ጉዳቱ።

ከዓርብ ወደ ሰኞ

የሳምንቱ ምዕራፍ ስለ ወጣቶች እንቅልፍ ነበር። ምንባቡ ከ14 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ እንደሚመከር ይናገራል። ሌሊት ስልክ ላይ መቆየት ምን እንደሚያስከትልም ያነሳል። ግራመሩ ፈርስት ኮንዲሽናል ነው፤ «ይህ ከሆነ ያ ይሆናል» የሚለው በ«ኢፍ» የሚሠራ ዓረፍተ ነገር። የጽሕፈቱ ጥያቄ ደግሞ «ትምህርት ቤት ጠዋት ዘግይቶ መጀመር አለበት ወይስ የለበትም?» የሚል ነው።

መምህርቷ የሳምንቱ ዓላማ ብላ መጀመሪያ የጻፈችው «ተማሪዎች ስለ እንቅልፍ ጥቅም ይረዳሉ» የሚል ነበር። ሰረዝነው። መረዳታቸውን ዓርብ በምን እናያለን? በምትኩ እንዲህ ጻፍን። ዓርብ ፔሬዱ ሲያልቅ እያንዳንዱ ተማሪ ከ80 እስከ 100 ቃል ያለው አንቀጽ ክፍል ውስጥ ጽፎ ያስረክባል። አቋሙን በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይናገራል። ሁለት ምክንያት ይሰጣል። ቢያንስ አንድ «ኢፍ» ያለበት ዓረፍተ ነገር ይጠቀማል።

ይህ ከተጻፈ በኋላ የቀረው ወደ ኋላ መሄድ ነው። ዓርብ አርሞ መገልበጥ ካለ፣ ሐሙስ ረቂቅ መኖር አለበት። ሐሙስ ረቂቅ እንዲኖር ረቡዕ «ኢፍ»ን መለማመድ ያስፈልጋል። ለዚያ ደግሞ ማክሰኞና ሰኞ ሐሳቡና ቃላቱ ከምንባቡ መገኘት አለባቸው። ግራንት ዊጊንስና ጄይ ማክታይ የተባሉ አሜሪካውያን አስተማሪዎች ይህን አስተቃቀድ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ በሰፊው አስተዋውቀውታል። እኛ የጨመርነው ነገር የለም፤ ሳንዘልል መከተል ብቻ ነው።

መጽሐፉ ለምዕራፉ 16 አዳዲስ ቃላት ዘርዝሯል። ስምንቱን መረጥን። ለእያንዳንዱ ቃል ሁለት ጥያቄ ጠየቅን። ዓርብ አንቀጹ ውስጥ ያስፈልጋል? በሌላ ትምህርት ውስጥስ ደግመው ያገኙታል? ለሁለተኛው ጥያቄ የቋንቋ ትምህርት ተመራማሪዋ አቭሪል ኮክስሄድ እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጡት ዝርዝር ረዳን። በልዩ ልዩ የትምህርት ዘርፎች ጽሑፍ ውስጥ ተደጋግመው የሚመጡ 570 የቃል ቤተሰቦችን፣ ማለትም ከአንድ ቃል የሚወጡ ቃላትን በአንድ ላይ፣ ይዟል። «አፌክት» እና «ሪኳየር» እዚያ ውስጥ አሉ፤ ስለዚህ ገቡ። «ሜላቶኒን» (ከእንቅልፍ ጋር የተያያዘው ሆርሞን) ምንባቡ ውስጥ ቢኖርም ቀረ። ሲያጋጥም በአንድ መስመር ትርጉሙ ተነግሮ ይታለፋል።

ለቤት ሥራው ያወጣነው ደንብ

ከእቅዱ ሁሉ እኔ በጣም የማምንበት ክፍል ይህ ነው። የቤት ሥራ የሚሰጠው ነገ ክፍል ውስጥ የሚጀመረው ሥራ ያለ እሱ የማይጀመር ከሆነ ብቻ ነው። ነገ «አወጣችሁ? እሺ፣ ቲክ» ተብሎ የሚታለፍ ከሆነ አይሰጥ። ተማሪ ይህን ቶሎ ያውቃል። የሠራው ሥራ ለምንም እንደማይፈለግ ሲያይ ለመሥራት የሚያነሳሳው ነገር አይኖርም፤ የሚቀዳውም ለዚህ ነው።

በተጨማሪ ሁለት ተማሪ አንድ ዓይነት መልስ ሊጽፍበት የማይችል ሥራ እንዲሆን ጣርን። ጊዜውም ከ15 እስከ 20 ደቂቃ እንዳይበልጥ ወሰንን። የአሜሪካው ተመራማሪ ሃሪስ ኩፐር የሚደግፉት የታወቀ መመሪያ አለ፤ የክፍል ደረጃውን በ10 ደቂቃ ማባዛት። ለ10ኛ ክፍል በቀን 100 ደቂቃ ይሆናል፤ ያውም ለሁሉም ትምህርት አንድ ላይ። ሒሳቡም ፊዚክሱም ከዚያው ላይ ነው የሚወስደው። እንግሊዝኛ ብቻውን አንድ ሰዓት ከወሰደ የሌላውን ነጥቆ ነው። የቤት ሥራ ጭራሽ ይቅር አላልንም። ኩፐርና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ግምገማ የቤት ሥራና ውጤት ያላቸው ግንኙነት ከታችኞቹ ክፍሎች ይልቅ ከ7ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ጠንከር ብሎ ታይቷል።

ሳምንቱ እንዴት ሄደ

ሰኞ ብዙ የሚወራለት ነገር የለውም። ምንባቡ በዝምታ ሁለት ጊዜ ተነበበ፤ መጀመሪያ ለጠቅላላ ሐሳቡ፣ ቀጥሎ ለዝርዝሩ። ስምንቱ ቃላት ባሉበት ዓረፍተ ነገር ውስጥ ታዩ። የቤት ሥራው «ከምንባቡ አንድ ጥያቄ አውጡ፤ መልሱን በደብተራችሁ ጀርባ ጻፉ» የሚል ነበር።

ማክሰኞ ጥያቄ ተለዋወጡ። ጥያቄ ሳይዙ የመጡ ነበሩ፤ ጥቂት አይደሉም። መምህርቷ ማርክ ልትቀንስባቸው ፈልጋ ነበር። እኔ እንዳታደርገው ነው የመከርኳት፤ ቅጣት ሲኖር የሚበዛው መቅዳት ነው። ስለዚህ ፊት ለፊት ያሉትን ወንበሮች ያዙና በአምስት ደቂቃ ጥያቄያቸውን አውጥተው ወደ ሥራው ገቡ። ሌላው ተማሪ በጥያቄው ሲከራከር እነሱ ገና እየጻፉ ነው። ከማርኩ ይልቅ ይህ ነው የተሰማቸው፤ በሚቀጥለው ፔሬድ ሳይሠራ የመጣው ቀንሶ ነበር።

ሌላው ችግር የጥያቄዎቹ ጥራት ነው። ብዙዎቹ «ዋት ኢዝ ስሊፕ?» ዓይነት ናቸው። መምህርቷ ሁለት ጥያቄ ያለ ስም ሰሌዳ ላይ ጻፈች። አንዱ በአንድ ቃል ይመለሳል። ሁለተኛው በ«ዋይ» ይጀምራል። «ወደ ምንባቡ የመለሳችሁ የትኛው ነው?» አለች። ከዚያ ዝም ብላ ጠበቀች። ይህን አስቀድመን ተነጋግረንበታል። ሜሪ ባድ ሮው የተባሉ ተመራማሪ መምህራን ከጠየቁ በኋላ በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሚጠብቁ አሳይተዋል፤ ጥበቃው ወደ ሦስት ሰከንድ ከፍ ሲል መልሱ ይረዝማል፣ የሚመልሰውም ተማሪ ይበዛል። በዚያች ዝምታ ውስጥ ከኋላ ወንበር ሁለት እጅ ወጣ። ከዚያ ሁሉም ጥያቄውን አሻሽሎ ጻፈ። ለማታው ደግሞ ሦስት ዓረፍተ ነገር ታዘዙ። ትናንት በስንት ሰዓት ተኛህ፣ በስንት ሰዓት ተነሳህ፣ ዛሬ ምን ተሰማህ?

ረቡዕ የ10ሀ ፔሬድ በድንገተኛ ስብሰባ ምክንያት ተሰረዘ። እንዲህ ያለ ነገር በየትምህርት ቤቱ አለ፤ እቅድም የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። በድሮው አካሄድ ሁሉም ሥራ በአንድ ቀን ወደፊት ይገፋና ጽሕፈቱ ከዓርብ ጫፍ ይወድቃል። አሁን ግን ዓርብ ምን መረከብ እንዳለበት ስለተጻፈ የሚቀነሰውን መምረጥ ቀላል ሆነ። የቀነስነው ግራመሩን ነው። ለ35 ደቂቃ የታሰበው፣ 20 ጥያቄ ያለው መልመጃ ወደ 12 ደቂቃ ወርዶ የሐሙስ መግቢያ ሆነ። መምህርቷ አልተዋጠላትም ነበር፤ መልመጃው ፈተና ላይ ይመጣል ብላ ሰግታለች። ስጋቷ ተገቢ ነው። ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሐሙስ ተማሪዎቹ ስለ ሌሊታቸው የጻፉት ሰሌዳ ላይ ወጣ። «አይ ስሌፕት ፋይቭ አወርስ። አይ ፌልት ታየርድ።» ከሱ ሥር መምህርቷ ጀመረችና ክፍሉ ጨረሰው፤ «ኢፍ አይ ስሊፕ ፋይቭ አወርስ አጌን፣ አይ ዊል ፊል ታየርድ።» አራት እንዲህ ያሉ ከተሠሩ በኋላ ነው ሕጉ የተነገረው። ቀጥሎ በአምስት ደቂቃ አቋማቸውንና ምክንያታቸውን በአጭሩ አስቀመጡ። የቀረው 18 ደቂቃ ረቂቅ መጻፊያ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከባድ ነበሩ። ብዙዎቹ አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፈው ቆሙ። መምህርቷ ምንም ሳታርም በወንበሮቹ መካከል እየዞረች የቆሙበትን ቦታ ብቻ ያዘች። ግራመር ይሆናል ያስቸገራቸው ብለን ጠብቀን ነበር፤ አይደለም። የመጀመሪያውን ምክንያት ጽፈው ሁለተኛውን አጡ። ስህተት ፈርተው የቆሙ አሉ፤ አብዛኛው ግን የሚለው አልነበረውም። በቤት ሥራ ቢሰጥ ይህን ልታውቅ አትችልም ነበር። የሚደርሳት ያላለቀ አንቀጽ ወይም የተገለበጠ አንቀጽ ነው፤ ሁለቱም ምክንያቱን አይናገሩም።

ጽሕፈቱን አስቆመችና ለሁለት ደቂቃ ከጎናቸው ካለው ተማሪ ጋር እንዲነጋገሩ አደረገች፤ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ጭምር። እስክሪብቶዎች እንደገና ተንቀሳቀሱ። ቀድመው ለጨረሱት «የማይስማማችሁ ሰው ምን ይላል? አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሩ» አለች። ለከበዳቸው ሰሌዳው ጥግ ላይ ሦስት የዓረፍተ ነገር መጀመሪያ ጻፈችላቸው።

ከዚያ የቤት ሥራውን ቀየረችው። በእቅዱ ላይ የነበረው ከመጽሐፉ አምስት የግራመር ጥያቄ ነው። እሷ ግን «ማታ ቤት ውስጥ አንድ ትልቅ ሰው ጠይቁ፤ ትምህርት ዘግይቶ ቢጀመር ይስማማዋል? ለምን? ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ጽፋችሁ አምጡ» አለች። ረቂቁን ሰብስባ ወሰደች። ከሳምንቱ ሁሉ ይህን ውሳኔ እወደዋለሁ። ክፍሉ የጎደለው ሁለተኛ ምክንያት ነው፤ የቤት ሥራው ያንኑ አመጣ።

ዓርብ ረቂቁ ተመለሰ፤ ከቤት የመጣው ምክንያትም ገባበት። ከጎን የተቀመጠው ተማሪ ወረቀቱን ተቀብሎ ሁለት ነገር ብቻ ሠራ። አቋሙን የሚናገረውን ዓረፍተ ነገር አሰመረበት፤ ምክንያቶቹን ቁጥር ሰጣቸው። ስለ ስፔሊንግ አይናገርም። አቋሙን ፈልጎ ካጣው ጸሐፊው ያስተካክላል። ቀጥሎ 15 ደቂቃ በንጹህ መገልበጥ። በመጨረሻ ስምንቱ ቃላት ማርክ የማይያዝበት አጭር ፈተና ሆኑ፤ ደብተር ተዘግቶ፣ ከጭንቅላት። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሮዲገርና ካርፒኪ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት ያነበቡትን ለማስታወስ የሞከሩ ተማሪዎች ደግመው ካነበቡት ይልቅ ከሳምንት በኋላ የበለጠ አስታውሰዋል። ስለዚህ ፈተናው ራሱ ማጥኛ ነው።

10ለ ላይ እቅዱ የተሰበረበት ቦታ

10ለ ማክሰኞ ሁለት ተከታታይ ፔሬድ አለው፤ ረቡዕ ምንም የለውም። እቅዱን የጻፍነው በቀን ስለነበር እዚህ አልሠራም። በሁለቱ የማክሰኞ ፔሬዶች መካከል ሌሊት የለም፤ ስለዚህ የእንቅልፍ ዓረፍተ ነገሮቹን በቤት ሥራ ማምጣት አይቻልም። መምህርቷ ሁለተኛው ፔሬድ ሲጀመር በአምስት ደቂቃ እዚያው አስጻፈቻቸው፤ ምንም አልጎደለም። የከፋው ሌላኛው ነው። ማክሰኞ የተሰጠው የቤት ሥራ ሁለት ሌሊት አድሮ ሐሙስ ሲጠየቅ ብዙው ረስቶታል።

አሁን እቅዱ በቀን አይጻፍም። አንደኛ ፔሬድ፣ ሁለተኛ ፔሬድ እየተባለ እስከ አምስተኛው ይሄዳል። በሁለት ፔሬድ መካከል ሌሊት ካለ መስመር ይሰመራል፤ ሁለት ሌሊት ካለ ሁለት መስመር። የቤት ሥራ የሚገባው መስመር ባለበት ብቻ ነው። ሁለት መስመር ባለበት የሚረሳ ነገር አይሰጥም፤ ሰው መጠየቅን የመሰለ ጊዜ የሚፈልግ ሥራ ግን እዚያ ይስማማል። አንድ እቅድ ለሁለቱም ሴክሽን የሚያገለግለው እንዲህ ሲጻፍ ነው።

እርማቱ

መቶ ደብተር፣ ለአንዱ ሦስት ደቂቃ፤ አምስት ሰዓት ይሆናል። መምህርቷ ይህን በየሳምንቱ መጨረሻ ትከፍል ነበር። የማረሚያ ሰዓት እቅዱ ውስጥ ካልገባ እቅዱ በመምህሩ እንቅልፍ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ተማሪዎቹን በአራት ምድብ ከፈልን። በየሳምንቱ የአንድ ምድብ 25 ወረቀት ለእያንዳንዱ ስድስት ደቂቃ ተሰጥቶት በደንብ ይነበባል። የቀሩት 75 ለእያንዳንዳቸው አንድ ደቂቃ፤ አቋም አለ? ሁለት ምክንያት አለ? «ኢፍ» ትክክል ነው? ድምሩ 225 ደቂቃ ነው። በአራት ሳምንት የሁሉም ጽሑፍ አንድ ጊዜ በጥልቀት ይነበባል።

ወረቀቱ ላይ ማርክ አልተጻፈም። ተመራማሪዋ ሩት በትለር እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጡት ጥናት አስተያየት ብቻ የተሰጣቸው ተማሪዎች ሲሻሻሉ፣ ማርክና አስተያየት አንድ ላይ የተሰጣቸው አልተሻሻሉም። ማርኩ መምህርቷ መዝገብ ላይ ተቀመጠ፤ ሰኞ አስተያየቱን አይተው ካስተካከሉ በኋላ ይነገራቸዋል። «ቲቸር፣ ከስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ መብዛቱ አልቀረም። መምህርቷን ያሳሰባት ግን ወላጅ ነው። ያልተሰመረበት ስህተት ያየ ወላጅ መምህሩ አላየውም ይላል። ለዚህ ወረቀቱ ራስጌ ላይ «በዚህ ሳምንት የታረመው፦ አቋም፣ ምክንያት፣ ኢፍ» ብለው ተማሪዎቹ ራሳቸው እንዲጽፉ ተደረገ።

የተገኘውና የቀረው

10ሀ ከጥቂት ተማሪ በስተቀር አስረክቧል። ሁለት አንድ ዓይነት አንቀጽ አልተገኘም። አንዳንዱ 80 ቃል አልሞላም፤ ምክንያቱ ግን የራሱ ነው። 10ለ ውስጥ ገልብጠው ያልጨረሱ ነበሩ። ወደ ቤት አልተላኩም፤ ሰኞ መጀመሪያ ላይ ክፍል ውስጥ ይጨርሳሉ።

የግራመሩ መቀነስ ዋጋ አስከፍሏል። ከ10ሀ ብዙዎቹ «ኢፍ ስኩል ዊል ስታርት ሌት» ብለው ጽፈዋል፤ «ዊል» በማይገባበት ገብቷል። የመምህርቷ ስጋት ልክ ነበር ማለት ነው። እኔ አሁንም ምርጫው ትክክል ነበር እላለሁ፤ ስህተቱ የታየው ስለጻፉ ነው፣ በአንድ ፔሬድም ይስተካከላል። ከራሳቸው ወረቀት የተወሰዱ ስድስት ዓረፍተ ነገሮች ለሰኞ መግቢያ ተዘጋጅተዋል።

ያልነካነውም አለ። ማዳመጥ በዚህ ሳምንት አንድም ደቂቃ አላገኘም፤ ፍጥነት የሚሰጠው አራተኛው ዓምድም ከሞላ ጎደል እንዳለ ነው። የሚቀጥለው ሳምንት እቅድ ስለዚህ ከእነዚህ ሁለቱ ይጀምራል። አንደኛው ፔሬድ ላይ መምህርቷ አጭር ጽሑፍ ድምፅ ከፍ አድርጋ ታነባለች፤ ተማሪዎቹ ደብተር ዘግተው ይሰማሉ። ሦስተኛው ፔሬድ ላይ እያንዳንዱ ተማሪ የዚህን ሳምንት አንቀጹን ወረቀት ሳያይ ለሦስት የተለያዩ ጓደኞች ይናገራል፤ መጀመሪያ በአራት ደቂቃ፣ ቀጥሎ በሦስት፣ ከዚያ በሁለት። በሁለተኛውና በሦስተኛው ፔሬድ መካከል አንድ መስመር ተሰምሯል። እዚያ የሚገባው የቤት ሥራ ያንኑ ንግግር ቤት ውስጥ አንድ ጊዜ መለማመድ ነው።